የሙሽራዋ ቀሚስ ኪስ

እንጉዳይ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ሰው ቤት ለጥየቃ ስትሄድ እንኳ ወንበር ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ወዲያው ተነስታ ብርጭቆ ታነሳለች፣ ያልቆሸሸ ጠረጴዛ ትወለውላለች። ባሏ ሙላው «አንቺ ሴትዮ፣ ወንበሩ ላይ ጉንዳን አለ ወይ?» ይላታል። መርፌ ስትይዝ ብቻ ነበር የምትረጋው።

የምትሰፋው የሰው ልብስ አይደለም፣ የአሻንጉሊት ልብስ ነው። ፔታ ቲክቫ፣ ራማት ቬርበር በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ከጣት የማይበልጥ እጅጌ፣ የእንቁላል ቅርፊት የሚያህል ኮፍያ ትሰፋለች። ለሴቶቹ ልጆች አሻንጉሊት ቀሚስ፣ ወንዶቹ ልጆች ለሚያበሯቸው የጀግና አሻንጉሊቶች ካባና ቀበቶ። ልጁ ውትድርና የሚገባበት ሰው ደግሞ ለስጦታ የወታደር ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት ያዛታል፤ የትከሻውን ምልክት እንኳ በክር ታወጣለታለች።

ጠዋት ጠዋት ጋኔይ ቲክቫ ባለው የሽማግሌዎች መጦሪያ፣ ቤት አቮት፣ ውስጥ ትሠራለች፤ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች። ትልቁን ሰውም ትንሿን አሻንጉሊትም ማልበስ አንድ ነው ትላለች፤ መጀመሪያ የማይታጠፈውን እጅ ማስገባት ነው፣ ሌላው ራሱ ይከተላል። ሲሰፋ ግን ትንሹ ልብስ ከትልቁ ይከብዳል። የመኪናው ጥርስ ትንሿን ጨርቅ ይውጣታል፤ ስለዚህ ከሥር ወረቀት ታነጥፍና አብራ ትሰፋዋለች፣ ሲያልቅ ወረቀቱን ትቀድደዋለች። የተሰፋውን እጅጌ ለመገልበጥ ጣት አይገባም፤ የጭማቂ መጠጫ ቀሰም ታስገባና በእንጨት ትገፋዋለች። ጨርቁ ቀይ ወይም ጥቁር ከሆነ ቀለሙ የአሻንጉሊቷ ገላ ላይ እንዳይቀር ቀድማ በጨውና በሆምጣጤ ትዘፈዝፈዋለች። ይኼን ሁሉ ማንም አላስተማራትም። ልጇ ሃዳር ትንሽ ሳለች አንዲት ጎረቤት ራቁቷን የሆነች አሻንጉሊት ሰጠቻት፤ ልጅቱ «በረዳት» ብላ አለቀሰች፣ እንጉዳይ የሙላውን ካልሲ ቆርጣ አለበሰቻት። ከዚያ ወዲያ እጇ አላቆመም።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን መርፌውም አላረጋት አለ። ሃዳር ቤት መምጣት ትታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃዳር የምታገባውን ልጅ ይዛ መጣች። ሊዮር ይባላል፣ ከኛው ከጎንደር አይሁዶች ወገን ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እጅ ሲነሳ እንኳ ጎንበስ ብሎ ነው። ሙላውም ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ እንደ ደንቡ ዘር ይቆጠር ተባለ። የሙላው አጎት አያ ሹሜ ከረሆቮት መጡ፣ ከሊዮር ወገንም አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አባት ከነአባቱ እየጠሩ ወደ ላይ ወጡ። ሰባት ቤት መሙላት አለበት፤ ሰባት ካልሞላ ዘመድ ነው፣ አይጋቡም። ስድስተኛው ላይ ሁለቱም አንድ ስም ጠሩ። ፈንታ፣ ሰቀልት ይኖር የነበረው ፈንታ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና መቁጠሩን አቆሙ።

ሃዳር መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። ጋብቻ የሚፈቅደው ራባኑት ፈቅዷል አለች፣ ወረቀቱም አልቋል፣ እዚህ አገር የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ይጋባል ማንም ምንም አይልም አለች። ሙላው ድምፁን ሳያነሳ «ራባኑት የኔን ዘር አያውቅም» አለ። ቤቴ ውስጥ ይኼ ሠርግ የለም፣ ከሄድሽም ብቻሽን ነው የምትሄጂው አላት። ሃዳር ወደ እናቷ ዞረች።

«ኢማ፣ አንቺስ?»

እንጉዳይ በዚያች ሰዓት አንድ የአሻንጉሊት ካፖርት ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቀና አላለችም። ክሩን አዙራ አዙራ፣ ቁልፉ ከጠበቀ በኋላም ማዞሯን ቀጠለች። ሃዳር ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሊዮር ከኋላዋ እየሮጠ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ ማንን እንደሚጠይቅ እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

አሁን ሁለቱ ባት ያም ተከራይተዋል። ባቡሩ ከፔታ ቲክቫ ተነስቶ በቀጥታ ነው የሚሄደው። እንጉዳይ አንዳንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ጣቢያው ድረስ ትሄድና የባት ያሙ ባቡር ሲመጣ፣ ሰው ሲወርድ ሲሳፈር፣ በሩ ሲዘጋ አይታ ትመለሳለች። ስትደውል ሃዳር አታነሳም። ቆይታ በዕብራይስጥ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብላ ትጽፋለች። እንጉዳይ ፊደሉን አንድ በአንድ እያነበበች ከዚያ በላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል መልሳ መላልሳ ታየዋለች።

ከፋሲካ በኋላ ኢፋት ደወለች። ኢፋት ከተማው መሃል፣ ገበያው አጠገብ፣ የድግስ ዕቃ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ፊኛ፣ ሪባን፣ የጠረጴዛ ጌጥ። ለእንጉዳይ ሥራ የምታመጣላት እሷ ናት፤ ድምፅዋ ትልቅ ነው፣ «እንጉ» ብላ ነው የምትጠራት። አንዲት ሙሽራ ለኬኩ ጠረጴዛ ሙሽራና ሙሽሪት አሻንጉሊት ፈልጋለች፣ ልብሳቸው የሐበሻ ይሁን ብላለች አለቻት። ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ለሱ ደግሞ ነጭ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ። እንጉዳይ በሰደር፣ እሺ አለች። እንዲህ ያለ ብዙ ሰፍታለች።

ጥለቱን እሷው ነው የምትሠራው፤ የሱቁ ጥለት ለአሻንጉሊት ወፍራም ነው፣ ቀሚሱን እንደ ሰሌን ያቆመዋል። ሦስት ዓይነት ክር ታወጣና በቀጭን መርፌ ጫፉ ላይ ትጠልፈዋለች። እየሠራች ግን ሐሳቧ ባት ያም ነው። ተነስታ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትቀመጣለች፣ መቀሱ እጇ ላይ ሆኖ መቀስ ትፈልጋለች። ሙላው ከሥራ ሲገባ ወንዱ አሻንጉሊት ሸሚዙን ብቻ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ አገኘው።

«ይኼ ሰውዬ እንዲህ ሆኖ ነው የሚያገባው?» አለ።

«ሱሪው ገና ነው።»

«ሚስቱ ካየችው በኋላ ራሷ ታልብሰው እንጂ፤ ምን አስቸኮለሽ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ጨርቁን ሰብስባ ወደ በረንዳው ሄደች። ሙላው ከኋላዋ ትንሽ አየና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ስለ ሃዳር ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቱ ውስጥ አይነሳም፤ ስሟ ሲመጣ ሁለቱም እንደ ጉድጓድ ዘለው ያልፉታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀሚሱ አልቆ ነጠላው ሲቀር ኢፋት የድምፅ መልእክት ላከች። እንጉዳይ አውቶቡስ ላይ ሆና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማችው። ሙሽራዋ አንድ ነገር ጨምራለች፣ እኔም አልገባኝም፣ አለች ኢፋት። ቀሚሱ ከውስጥ በኩል ትንሽ ኪስ ይኑረው ትላለች። ከውጭ እንዳይታይ። ምን ይገባበታል ብዬ ስጠይቃት «ታውቃለች» አለችኝ፣ ያላ፣ ሥሪላት።

እንጉዳይ መውረጃዋን አለፈች።

ሃዳር ልጅ ሳለች ለአሻንጉሊቷ የሚሰፋ ልብስ ሁሉ ከውስጥ ኪስ ካልኖረው አታለብሳትም ነበር። ኪሱ ውስጥ አንድ ሽምብራ ትከታለች። ስንቋ ነው ትላለች፤ መንገድ ላይ ብትርባትስ። እንጉዳይ ስለ ራሷ ልጅነት ያወራችላት ነገር ነበር፤ ከጎንደር ወጥተው በሱዳን በኩል እግሯ እስኪላጥ ሲሄዱ፣ እናቷ ቀሚሷ ውስጥ ሽምብራ ሰፍታላት እንደነበር። ልጅቱ ያንን ሰምታ ነው ለአሻንጉሊቷ ስንቅ ያዘዘችው። ይኼን ከሁለታቸው በቀር ማንም አያውቅም። ሙላው እንኳ አያውቅም።

ከአውቶቡሱ ወርዳ ሁለት ጣቢያ ወደ ኋላ በእግሯ ሄደች፤ ልክ የሚጠብቃት ሰው እንዳለ ትሮጥ ነበር፤ ቤት ስትደርስ ግን ምን ልታደርግ እንደመጣች ጠፋት። ኢፋት ጋ ደውላ የሙሽራዋ ስም ማነው አለቻት። ኢፋት፣ ድምፅዋ የሚያስተጋባው ኢፋት፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ «ቃል ገብቻለሁ እንጉ፣ አትጠይቂኝ» አለች። መልሱ ያ ነበር።

እንጉዳይ ከበረንዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ተመላለሰች። ልጅቱ እየጠራቻት ነው? ወይስ እናትየዋን ትታ የእናቷን የእጅ ሥራ ብቻ ነው የፈለገችው፣ ሠርጓ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚቆም? ልትጠራት ብትፈልግ ስልክ የላትም? እናቷ ስትደውልላት እኮ አላነሳችም። አንዱን ሐሳብ ስትይዝ ሌላው ይመጣል፣ ሌላውን ስትይዝ የፊቱ ይመለሳል።

በመጨረሻ ለአያ ሹሜ ደወለች። ከሰላምታው በኋላ፣ ጤናቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ከጠየቀች በኋላ፣ ቀስ ብላ አነሳችው። ያ ፈንታ የተባለው ሰው ሌላ ፈንታ ቢሆንስ? ፈንታ የሚባል ሰው ስንቱ ነው።

«ልጄ» አሉ አያ ሹሜ፣ «አንድ ዓይና ፈንታ ነው የጠራነው። በሰቀልት ምድር አንድ ዓይና ፈንታ ሁለት አልነበረም።»

ምናልባት መካከል ላይ አንድ አባት ተዘሎ እንደሆነስ አለች። ቢዘለል ሰባት ይሞላ ነበር።

«ይኼ የበግ ዋጋ አይደለም እንጉዳይ፣ ትንሽ ጨምሩልኝ የምትይው። በመኝታዬም ቆጥሬዋለሁ። ያው ነው።»

አያ ሹሜ ግን ስልኩን አልዘጉም። ከዚያ የሰው ዘር መቁጠር ካወቁ ጀምሮ ስንት ልጅ እንዳስለቀሱ ተናገሩ፤ አስበውት የሚያውቁ አይመስላትም ነበር።

«ቁጠሩ ብላችሁ ጠራችሁኝ፣ ቆጠርኩ» አሉ። «ልጅሽን አትይያት ያልኩት ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ላይ እንዳታሳብቡ።»

ኪሱን በማግሥቱ ሰፋችው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ናት፤ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ሦስት ጊዜ ፈታ መልሳ ሰፋቻት። አንድ ሽምብራ አምጥታ ከተተችበት። አወጣችው። ደግሞ ከተተችው። ደግሞ አወጣችው። በአፍ መባል ያለበት ነገር አለ፣ በሽምብራ አይሆንም፤ ያን ጊዜም አፏን ዘግታ እጇን ስላሠራች ነው ይኼ ሁሉ የመጣው። ሽምብራውን ወደ ማሰሮው መለሰችው። ለኢፋት ደውላ ዕቃውን እኔው ራሴ አመጣዋለሁ፣ ሙሽራዋ የምትመጣበትን ሰዓት ንገሪኝ አለቻት። ኢፋት ተነፈሰችና ዓርብ ከቀትር በፊት ብላ ነገረቻት።

ዓርብ ገበያው በሰው ተጨናንቋል፤ ሰው ሁሉ ለሰንበት ይገዛል። እንጉዳይ አሻንጉሊቶቹን በጫማ ካርቶን ይዛ ሱቁ ውስጥ ቆመች። ኢፋት ወንበር ሰጠቻት፣ አልተቀመጠችም። ሪባኖቹን በቀለም በቀለም ደረደረች፤ ኢፋት «እንጉ፣ እነሱ በዋጋ ነበር የተደረደሩት» አለቻት፤ መልሳ ልታስተካክል ስትል ደባለቀቻቸው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። አንዲት ነፍሰ ጡር ገባች። አንድ ሰውዬ የልደት ሻማ ሊገዛ ገባ። ከዚያ ሃዳር ገባች፣ ስልክ እያወራች።

እናቷን አይታ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ከስታለች። ኢፋትን ልትቆጣ ዞር አለች፤ ኢፋት ጓዳ የረሳችው ነገር ትዝ ብሏት ሄዳለች።

«እሷ አልነገረችኝም» አለች እንጉዳይ። «ለአሻንጉሊት ኪስ የሚያዝ ሰው ካንቺ ሌላ አላውቅም።»

«ኪሱን ካዘዝኩ ጀምሮ ስልኬን እያየሁ ነበር» አለች ሃዳር። «ትደውላለች ብዬ።»

«ስደውል መቼ ታነሺያለሽ።»

«ሳነሳ ምን ትያለሽ? በላሽ ወይ ነው የምትይኝ። ደህና ነሽ፣ በላሽ፣ ብርድ ነው ልበሺ። ሌላ ነገር ትያለሽ?»

እንጉዳይ እጇ ላይ ሪባን ነበር፤ ጣቷ ላይ ትጠቀልለው ጀመር። ሃዳር ቀስ ብላ ሪባኑን ከእጇ ወሰደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እጇን ግን አልለቀቀችም።

«ኢማ፣ እኔን እይኝ። ትመጫለሽ ወይ?»

«አያ ሹሜን መልሼ ጠይቄያቸው ነበር» አለች እንጉዳይ። «ቆጠራው ልክ ነው። አልተሳሳቱም።»

የሃዳር ፊት ጠቆረ። «ይኼን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። ልክ መሆኑን አውቄ እመጣለሁ ልልሽ ነው የመጣሁት።» ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት፣ ከፍ ያለ። «የዚያን ቀን ስትጠይቂኝ ይኼን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አሁን ብያለሁ።»

ሃዳር ካርቶኑን ከፍታ ሴቷን አሻንጉሊት አወጣች፤ ቀሚሷን ገለበጠችና ትንሿን ጣቷን ኪሱ ውስጥ ልታስገባ ሞከረች፣ ጥፍሯ ብቻ ገባ። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ቆይታ «አባስ?» አለች።

«አባትሽን እኔ አልሰፋሁት» አለች እንጉዳይ። «ዛሬ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ ያውቃል።»

ሃዳር ሳቀች፤ ለቅሶው ገና አልወጣላትም ነበርና አፍንጫዋን እየሳበች ነው የሳቀችው። ወንዱን አሻንጉሊት አንስታ ሊዮር እኮ እንዲህ ወፍራም አይደለም አለች። እንጉዳይም ሳልለካው ነው የሰፋሁት፣ አምጪውና ልለካው አለቻት። ኢፋት ከጓዳ ብቅ ብላ ያላ፣ ልዘጋ ነው፣ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ አለች፤ እሷም ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

እንጉዳይ ቤት ስትደርስ ሙላው ወጥ ቤት ውስጥ ሐብሐብ ይቆርጣል። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ድፍረቷ ሳይከዳት፣ ቆማ ነገረችው። ሃዳርን አይቻታለሁ። ለሠርጉም እሄዳለሁ። ሙላው ቢላዋውን አላቆመም፤ ሐብሐቡን እያሳነሰ እያሳነሰ ቆረጠው። ሰውስ ምን ይላል አለ። ይበል አለች። አያ ሹሜስ አለ። የተናገሩትን እንዳለ ነገረችው፤ እኔ ላይ እንዳታሳብቡ ያሉትንም አልደበቀችም። ሙላው እጁን ታጠበ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ ምኩራብ ወጣ።

የሰንበት ሻማው ከበራ በኋላ መርፌ አይያዝም። እንጉዳይ እጇን የምታደርግበት አጣች። ጠረጴዛውን አነጠፈች፣ ሹካውን ቀየረች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ መንገዱን አየች። ሌሎቹ ወንዶች ሁሉ ከጸሎት እየተመለሱ ነው። ሙላው ከመጨረሻዎቹ ጋር መጣ፤ ሰንበት ሰላም አላት፣ በሰንበት ሰላም አይነፈግም። ወይኑን ባረከ፣ ዳቦውን ቆረሰ። በሉ። ስለ ጎረቤቱ መኪና አወራ፣ ስለ ሙቀቱ አወራ። እሷ አዎ፣ አዎ እያለች ዳቦዋን ትቆራርሳለች።

ከዚያ ሰሃኑን እያየ «መቼ ነው?» አላት።

«ከሻቩዖት በዓል በኋላ። ማክሰኞ።»

አላመጠ። ውኃ ጠጣ። «ማክሰኞ ማታ ፋብሪካ ተረኛ ነኝ» አለ።

እንጉዳይ ይኼ እንቢታ ይሁን ምን ይሁን አልገባትም። አልጠየቀችውም፤ ፊቱን ብቻ አየችው። ሙላው አንድ ቁራሽ ዳቦ አንስቶ ወጡ ውስጥ ነከረው፣ አልጎረሰውም።

«ሞሼ ተራዬን ይቀይረኝ እንደሆነ እሁድ ሥራ ስገባ እጠይቀዋለሁ» አለ። «እሄዳለሁ አላልኩም። እጠይቀዋለሁ ነው ያልኩት።»

«ሰምቻለሁ» አለች እንጉዳይ፣ ሳይጠይቃትም ወጥ ጨመረችለት።